የጀልባ መጸዳጃ የሚመረጠው ከሚደፋበት ቦታ ተነሥቶ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጣና ላይ መንገደኛና ጎብኚ የሚያመላልስ ጀልባ ሲሠራም ሆነ ሲታደስ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ጣሪያው ብዙ ይመከራል። መጸዳጃ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ቦታ ከተረፈ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ለመድረስ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መመለሻውና ጉብኝቱ ሲደመርበት ጉዞው የግማሽ ቀን ወይም የሙሉ ቀን ይሆናል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ላይ ሴቶቹ ተሳፋሪዎች ጀልባው አጠገብ ሆነው ይጠብቃሉ፤ መጸዳጃ የሌለው ጀልባ ከማንም በላይ የሚያስቸግረው እነሱን ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ይኑር የሚለው ላይ የምንከራከር አይመስለንም። የምንጽፈው የትኛው ይሁን በሚለው ላይ ነው። ባለጀልባው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው “የትኛው መቀመጫ ይሻላል?” ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን “የሞላው የት ይደፋል?” የሚለው ነው። ይህ ካልተመለሰ የተገዛው ዕቃ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን መጨረሻው ሐይቁ ውስጥ ነው።

“ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ምን ያደርገዋል?” የሚለውን ክርክር በቅድሚያ እንመልስ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከጀልባ የሚደፋ ነገር በሐይቁ ሁሉ ላይ እኩል አይበተንም። ጀልባ በሚቆምበት፣ ሕፃናት በሚዋኙበት፣ እናቶች ውሃ በሚቀዱበትና ልብስ በሚያጥቡበት ዳርቻ ይከማቻል። ከሁሉም የከፋው ብልሃርዚያ የተባለው በትል የሚመጣ በሽታ ነው። በጣና ዙሪያ ያለው የአንጀት ብልሃርዚያ ሲሆን እንቁላሉ የሚወጣው ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ነው። እንቁላሉ ጨው የሌለበት ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈልና ትንሿን የውሃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል። ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ቆይቶ ከዚያች ከአንዷ ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠሩ፣ የሰው ቆዳ በስተው የሚገቡ እጮች ይወጣሉ። ስለዚህ “ትንሽ ናት፣ ውሃው ያቀጥናታል” ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ተውሳኩ ራሱን የሚያባዛው ውሃው ውስጥ ነውና።

የጀልባ ፍሳሽ እምቦጭን፣ ሐይቁን የወረረውን አረም፣ ይመግባል የሚባለው ነገር ግን በልኩ ይሁን። እምቦጭን የሚመግበው ንጥረ ነገር በብዛት የሚመጣው ከተሸረሸረ የእርሻ አፈርና ከከተማ ፍሳሽ ነው። የጀልባ ድርሻ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የጀልባ መጸዳጃ የሚያስፈልገው ለእምቦጭ ሳይሆን ለበሽታው ሲባል ነው፤ ይህም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሸናው በአማካይ 0.3 ሊትር ነው። 20 ሰው የያዘ ጀልባ በግማሽ ቀን ጉዞ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ቢጠቀም 40 ጊዜ ይሆናል፤ ሽንቱ 12 ሊትር ነው። ዓይነ ምድሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቢጠቀም ነው፣ አንድ ኪሎ አይሞላም። እስካሁን ያለው በአንድ ጀሪካንና በአንድ ባልዲ የሚያልቅ ነው። በዚሁ ላይ በአንድ ጊዜ 2.5 ሊትር ውሃ የሚያወርድ መጸዳጃ ብትገጥሙ ግን 40 ጊዜ 2.5፣ 100 ሊትር ውሃ ይጨመርበታል። 12 ሊትር ይወስድ የነበረው ነገር 112 ሊትር ሆነ። 112 ኪሎ ማለት ደግሞ የአንድ ተኩል ተሳፋሪ ክብደት ነው፣ ያውም እየተንቦጫቦጨ። ትንሽ ጀልባ ላይ ዋናው ጠላት ቆሻሻው ሳይሆን ማውረጃው ውሃ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ሁልጊዜ ይጎድላል። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚታጠበው በውሃ ነው። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ውሃ ከወሰድን፣ ከ40ው ግማሹ ቢታጠብ 10 ሊትር ይጨመራል። ይህን ሳያሰላ “ደረቅ መጸዳጃ” የገዛ ሰው በሁለተኛው ጉዞ ላይ ባልዲው ውስጥ ሾርባ ያገኛል።

ከ10 ሰው በታች ለሚጭን፣ ጣሪያም ክፍልም ለሌለው ጀልባ ተንቀሳቃሹ የፕላስቲክ መጸዳጃ ይበቃል። ሁለት ክፍል አለው፦ ከላይ መቀመጫውና 15 ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ፣ ከታች ከ12 እስከ 21 ሊትር የሚይዝ መቀበያ፣ በመካከላቸው ተንሸራታች መዝጊያ። ጀልባው ላይ ምንም ቀዳዳ አይፈልግም፤ ይህ ትልቁ ጥቅሙ ነው። የሚበላሽበት ምክንያትም ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የታችኛው ክፍል ሲሞቅ ግፊት ይፈጥራል። መዝጊያው ከመከፈቱ በፊት የአየር ማስወጫው ቁልፍ ካልተጫነ ወደ ላይ ይተፋል። ሁለተኛ፣ የመዝጊያው የላስቲክ ማኅተም ሲደርቅ ያፈሳል። የሚቀባው ሲሊኮን ነው፤ ቫዝሊን ላስቲኩን ስለሚያሳብጠው አይሁን። ሦስተኛ፣ ሰው እግሩን አውጥቶ ቁጢጥ ሲልበት መቀመጫው ይሰነጠቃል። በሁለቱም ጎን የተጠጋጋ የእንጨት ሳጥን ሠርታችሁ ክብደቱን ሳጥኑ እንዲሸከመው አድርጉ። የሞላ 20 ሊትር ከዕቃው ጋር ከ22 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በጠባብ ማሸጋገሪያ ሳንቃ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ 12 ሊትር የሚይዘውን ሁለት መቀበያ አድርጎ መግዛት ከአንዱ ትልቅ ይሻላል።

ከ12 እስከ 30 ሰው ለሚጭነው፣ ማለትም ለአብዛኛው የጣና ጀልባ፣ የምንመክረው ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለየውን ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው የሚከረፋው። ተለያይተው ከተቀመጡ ዓይነ ምድሩ ይደርቃል፣ ሽንቱም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቆያል። በውጭ አገር የሚሸጡት ሙሉ ዕቃዎች የሽንት ጠርሙሳቸው 8 ሊትር ገደማ ነው። ያ ሁለት ሰው ለሚኖርበት ባለሸራ ጀልባ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለ20 ተሳፋሪ አንድ ጉዞም አያዘልቅም። መለያውን ሳህን ብቻ ገዝቶ ወይም ከፋይበር ግላስ አሠርቶ ቀሪውን እዚሁ መገጣጠም ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመቀመጫው ሳጥን ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሽንት መውረጃው ከወለሉ 33 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን አፉ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሽንት ሽቅብ አይወጣም። ይህን ሳይለኩ ሠርተው ሽንቱ ተመልሶ ሳህኑን የሚሞላባቸው ብዙ ናቸው። መፍትሔው መቀመጫውን 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ ማስቀመጥ ነው። ያኔ መውረጃው 48 ላይ፣ አፉ 40 ላይ ይሆንና 8 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይገኛል። ሽንቱን ወደ ጀሪካኑ የሚያወርደው ጎማ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ መርገብ የለበትም፣ የረገበበት ቦታ ላይ ሽንት ይቆምና ጨው ሠርቶ ይደፍነዋል። የጀሪካኑ ክዳን ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፦ አንዱ ለጎማው፣ ሁለተኛው ለአየር። ሁለተኛው ከተረሳ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ስለሚያጣ እያንቋረረ ይመልሰዋል። ጀሪካኑ ነጭ ይሁን፤ በቢጫው ውስጥ ምን ያህል እንደሞላ አይታይም። ሦስት ጀሪካን ያዙ፦ አንዱ የሚሞላ፣ ሁለቱ መጠባበቂያ። ሁሉም በቀበቶ ከወለሉ ጋር ይታሰሩ፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ ያልታሰረ ጀሪካን መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

ለወንዶች የተለየ መሽኛ አድርጉላቸው። ቆሞ የሚሸና ሰው፣ በተለይ ጀልባው እየተናጠ፣ ግማሹን የሚለቀው በዓይነ ምድሩ ባልዲ ላይ ነው፣ ደረቁ መጸዳጃ ያኔውኑ እርጥብ ይሆናል። አፉ ሰፊ የሆነ መቅጃ በራሱ ጎማ ወደ ጀሪካን ከወረደ ችግሩ በአመዛኙ ይቀረፋል። መታጠቢያውም እንደዚሁ ነው። ከመቀመጫው ጎን ተዳፋት ያለው ትንሽ ሳህን ሠርታችሁ ውሃው ወደ ራሱ ጀሪካን ይውረድ። ይህ ውሃ ዓይነ ምድር የነካው ስለሆነ ከሽንቱ ጋር አይቀላቀል፣ የሚደፋውም ፍሳሽ በሚቀበለው ጉድጓድ እንጂ ሣር ላይ አይደለም።

ዓይነ ምድሩ የሚወድቀው ክዳን ባለው ከ10 እስከ 12 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ ነው። ሁለት ባልዲ ይኑር፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ከመነሻው ታችኛው ላይ ሦስት ጣት የሚሆን ደረቅ ሰጋቱራ ይነጠፍ፣ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ በኋላም አንድ ብርጭቆ ይነስነስበት። ሰጋቱራው ከቀለም ወይም ከመድኃኒት ከተነከረ እንጨት የመጣ መሆን የለበትም። ዘጌ ላይ የሞላው ደረቅ የቡና ገለባ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ሽታውም ደግ ነው። አመድም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ጀርም በመግደል ይበልጣል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ሽታ የሚያስወጣው ማራገቢያ እየሳበ ያበነዋልና አንድ እጅ አመድ ከሁለት እጅ ሰጋቱራ ጋር ቀላቅሉት። ሶፍት ባልዲው ውስጥ ቢገባ ምንም አይደለም፤ እርጥብ መጥረጊያና የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ ግን የራሳቸው ክዳን ያለው ዕቃ ይዘጋጅላቸው።

ሽታን የሚያጠፋው ሽቶ ሳይሆን አየር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው 80 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ በ12 ቮልት 0.15 አምፔር ገደማ ብቻ ትወስዳለች፤ ሌሊትና ቀን ብትሠራ ከ4 አምፔር ሰዓት አትዘልም፣ የሞተሩን ባትሪ አትጎዳውም። የምትገጠመው ከሳጥኑ አየር ስባ በ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ወደ ውጭ እንድታወጣ ነው። ያኔ መቀመጫው ሲከፈት አየር ወደ ታች ይገባል እንጂ ሽታ ወደ ላይ አይወጣም። ተገልብጣ ከተገጠመች ተቃራኒው ይሆናል፤ ገጥማችሁ ስትጨርሱ ቀጭን ወረቀት ወደ መቀመጫው ቀዳዳ አስጠጉ፣ ወረቀቱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። የቧንቧው ጫፍ ላይ የዝንብ ወንፊት አድርጉ፣ በየሳምንቱም አጽዱት፤ ሰጋቱራና የሸረሪት ድር ይደፍነዋል።

ክፍሉ ከ70 በ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ቦታው ከጀልባው መካከል ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። ፊት ላይ ከተደረገ ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ ጀልባውም አፍንጫው ይከብደዋል። ከሞተሩ የነዳጅ ታንከር አጠገብም አይሁን።

ቋሚ ታንከርና ውሃ ያለው መጸዳጃ የሚያስፈልገው ሰው አሳድሮ ለሚጓዝ ትልቅ ጀልባ ነው። እሱን ለሚሠሩ የምንላቸው አሉ። ታንከሩ ከወፍራም ፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ ይሁን፣ የግድግዳው ውፍረት ከ8 ሚሊ ሜትር አያንስ። ብረትም አሉሚኒየምም አይሁን፣ ሽንት ከብየዳው ጀምሮ ይበላዋል። የቤት ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ቀጭን ሮቶ ክዳኑ አየር ስለማይዝ ለዚህ አይሆንም። ቧንቧዎቹ ሁሉ ከላይ ይግቡ፤ መምጠጫው ከውስጥ እስከ ወለሉ ጥግ የሚወርድ ቱቦ ይሁን። ከጎን ወይም ከታች የተበሳ ታንከር አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም። የአየር መውጫው ከ25 ሚሊ ሜትር አይቅጠን፣ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። ታንከር የሚከረፋው ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር ሲያጡ ነው፤ በቂ አየር የሚያገኝ ታንከር ሽታው እጅግ የተሻለ ነው። ተርብ በጭቃ የደፈነውን መውጫ ሳያዩ በኃይለኛ ፓምፕ ቢመጥጡት ደግሞ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጎማው ላይ ጠቅልሉት፤ ሲቀዘቅዝ አንሥታችሁ አሽትቱት። ጨርቁ ከሸተተ ጎማው ራሱ ሽታ እያሳለፈ ነው፣ መቀየር አለበት።

ማውረጃውን ውሃ ከሐይቁ አትሳቡ። ለዚያ ከውሃው መስመር በታች ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። የአንድ ጎማ መፈታት፣ ወይም በመስመሩ ላይ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ አየር የሚያስገባ ቅስት አለመኖሩ፣ ውሃው ራሱን ስቦ ጀልባውን ለማስጠም ይበቃዋል። በዚያ ላይ የእምቦጭ ሥር ፓምፑን ይይዘዋል፣ አብሮ የሚገባው አልጌም ጎማው ውስጥ ሞቶ ይከረፋል። 20 ሊትር የቧንቧ ውሃና በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ይበቃል።

አብዝተን የምንጠይቀው ነገር፦ ታንከሩን በቀጥታ ወደ ሐይቁ የሚከፍት ቫልቭ በምንም ምክንያት አይገጠም። ባሕር ላይ ለሚሄድ ጀልባ ተሠርቶ የሚመጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ይህ ቫልቭ አለው። “ለአደጋ ጊዜ ነው” ይባላል። የተገጠመ ቫልቭ ግን መከፈቱ አይቀርም፤ ታንከር ሞልቶ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ መሽቶ ሳለ ማንም አያየውም። አሜሪካ መርከብ ሊገባበትና ሊወጣበት በማይችል ጨው አልባ ሐይቅ ላይ ከጀልባ የታከመ ፍሳሽ እንኳ መድፋት በሕግ ከልክላለች። ጣና በጨረጨራ ግድብና ከዚያ በታች ባለው በጢስ ዓባይ የተዘጋ ስለሆነ ያው ዓይነት ሐይቅ ነው። የእኛም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከልን ይከለክላል።

ስለ ኬሚካል በአጭሩ። ፎርማልዲሃይድ ያለበትን ሰማያዊ ፈሳሽ አትግዙ፣ በሚደፋበት ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። በረኪና ሽንት ባለበት ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመር። ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፣ ያውም በጠባብ ክፍል። የሽንት ጨው የያዘውን ጎማና ጀሪካን የሚያጸዳው አቼቶ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጨምራችሁ አሳድሩት፣ በማግሥቱ በውሃ አለቅልቁት።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፦ የት ይደፋል? ይህን አንድ ባለጀልባ ብቻውን አይመልሰውም። የጀልባ ማኅበራት፣ የመሳፈሪያው አስተዳደርና የከተማው ፍሳሽ ክፍል በአንድ ላይ መሥራት አለባቸው። የሚያስፈልገው ትልቅ ግንባታ አይደለም። ከመሳፈሪያው ወጣ ብሎ፣ ከዳርቻው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ታችና ጎኑ በሲሚንቶ የታሸገ ታንከር ይበቃል። ያልታሸገ ጉድጓድ እዚያ አይሆንም። የሐይቁ ወለል በክረምቱ ማብቂያ ከበጋው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ስለሚል የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮ ይወጣና ጉድጓዱን ያጥበዋል። ስለዚህ የታንከሩ ክዳን ከመስከረም የውሃ ከፍታ በላይ ይሁን፣ የመምጠጫ ቦቴ የሚደርስበት መንገድም ይኑረው። ጎኑ ላይ የባልዲና የጀሪካን ማጠቢያ ቧንቧ፣ ጓንት፣ ሳሙና፣ አንድ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ከ38 ሚሊ ሜትር ጎማ ጋር ይቀመጥ። የማጠቢያው ውሃ ተመልሶ ወደዚያው ታንከር ይግባ።

በሰጋቱራ የደረቀውን ዓይነ ምድር ለማዳበሪያ እንጠቀምበት የሚሉ አሉ፤ ይቻላል፣ ግን አይቸኩሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ በላይ በሚሞቅ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ፣ አመድ ወይም ኖራ በደንብ ተጨምሮበት ከሆነ ከስድስት ወር በላይ ተከማችቶ መቆየት አለበት። ምክንያቱ የወስፋት እንቁላል ነው፤ ከሁሉም ዘግይቶ የሚሞተው እሱ ነው። ሽንቱ ግን በተዘጋ ጀሪካን አንድ ወር ከቆየ በኋላ በውሃ ቀጥኖ በቆሎ ወይም የዛፍ ችግኝ ሥር ሊጠጣ ይችላል፤ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ከሆነ ስድስት ወር ይቆይ። ገዳማቱ መሳፈሪያ ላይ ባልዲ ጥሎ መሄድ ግን ተገቢ አይደለም። የተጫነው ወደ ባሕር ዳር ይመለስ።

ጋዜጣችሁ ስለ ጣና ደጋግሞ ይጽፋል፣ እናመሰግናለን። የጀልባ ቴክኒክ ምርመራ የሚያደርጉ ክፍሎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ ሦስት ነገር በመመርመሪያ ቅጻቸው ላይ እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፦ ከ12 ሰው በላይ የሚጭን ጀልባ የተዘጋ መጸዳጃ አለው ወይ? ወደ ሐይቁ የሚከፈት ቀዳዳ ወይም ቫልቭ አለው ወይ? የደፋበትን ቀንና መጠን የሚመዘግብበት ደብተር፣ ከተቀባዩ ፊርማ ጋር፣ ይዟል ወይ? ደብተሩ የመጨረሻው ይምሰል እንጂ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። በሥራ ወቅት ወር ሙሉ ባዶ የሆነ ደብተር የያዘ ጀልባ፣ መጸዳጃው ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ የት እንደደፋ መጠየቅ አለበት።

በጀልባ ጥገናና በቧንቧ ሥራ የተሰማራን ሁለት አንባቢዎቻችሁ
ከባሕር ዳር